አርፔጂዮዬ ለምን የስልክ ጥሪ መሰለ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የዳንስ ሙዚቃ እሠራለሁ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ 128 ምት ነው። ላ ማይነር፣ ፋ ሜጀር፣ ዶ ሜጀር እና ሶል ሜጀር ኮርዶችን ይዤ፣ የኮርዱን ኖታዎች በራሱ ተራ በተራ የሚያጫውተውን አርፔጂዬተር ስከፍተው የድሮ የእጅ ስልክ ጥሪ ይመስላል። በትራንስ ሙዚቃ ላይ የምሰማው ግን እንደ ወራጅ ውኃ ነው። ድምፁን አዘግይቶ የሚደግመውን ዲሌይ ስጨምርበት ሁሉም ነገር ይደበላለቃል። የትዝታ ዜማ በላዩ ሳስገባ ደግሞ ጭራሽ አልዋሃድ ይለኛል። ችግሩ ድምፁን የሚፈጥረው ሲንተሳይዘር ነው? ሌላ ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ምንም አትግዛ። አብረህ የላክልኝን ስምንት ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) ደጋግሜ አዳመጥኩት፤ የፕሮጀክቱን ፋይልም ከፍቼ ኖታዎቹ ተስለው የሚታዩበትን ፒያኖ ሮል ተመለከትኩ። በእያንዳንዱ ባር 16 ኖታ አለ። 16ቱም እኩል ርዝመት አላቸው፣ 16ቱም በእኩል ኃይል ተመትተዋል፣ አራት አራት እየሆኑም በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይመላለሳሉ። ኖታዎቹ ስሕተት የለባቸውም። የመረጥከው ድምፅም መጥፎ አይደለም። ጆሮህ የሰለቸው አንዱን ኖታ ከሌላው የሚለይበት ምንም ነገር ስላላገኘ ነው። ማሽኑ ያዘዝከውን በታማኝነት ፈጽሟል፤ የቀረው ያንተ ሥራ ነው፤ ይህም ሥራ በአብዛኛው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው።

ከቃሉ ልጀምር፤ ለሥራው ይጠቅማልና። አርፔጂዮ የሚለው የጣሊያንኛ ቃል አርፓ ከሚባለው ባለብዙ ክር መሣሪያ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም በዚያ መሣሪያ አኳኋን መጫወት ማለት ነው። እኛ ደግሞ በገና የሚጫወተውን ሰው ደርዳሪ እንለዋለን። በገና አይመታም፣ አይነፋም፤ ይደረደራል። ኖታዎችን በአንድነት ከማሰማት ይልቅ ተራ በተራ ማሰለፍን ለመግለጽ ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ አርፔጂዮን ድርደራ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጥሩ ደርዳሪ ሲጫወት ጣቶቹን ልብ ብለህ እይ። አንዱን ክር ጠበቅ አድርጎ ይስባል፣ ሌላውን ነካ ብቻ አድርጎ ያልፈዋል፣ አንዱን እስኪያልቅ ያስጮኸዋል፣ ሌላውን ቶሎ ያፍነዋል። አንተ አርፔጂዬተሩን ስትከፍት ያጣኸው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። የባሩን 16 ክፍል «ቦታ» እንበለው፤ ኪኩ፣ ወፍራሙ የከበሮ ምት፣ በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ9ኛው እና በ13ኛው ቦታ ላይ ይመታል። አንተ ላ ማይነርን የያዝከው በአራት ኖታ ነው፦ ላ፣ ዶ፣ ሚ እና ከላይ ያለው ላ። አራት ለ16 እኩል ይካፈላልና ኪኩ በመታ ቁጥር የታችኛው ላ አብሮት ይወድቃል። አንዴም አያፈነግጥም። የስልክ ጥሪው የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ያለውን ላ ሰርዘህ በሦስት ኖታ ብቻ ሞክር፦ ላ፣ ዶ፣ ሚ። አሁን ላ የሚወድቀው በ1ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛው፣ በ10ኛው፣ በ13ኛው እና በ16ኛው ቦታ ላይ ነው። ቀጣዩ ባር የሚጀምረው በዶ ነው፣ ከዚያ የሚቀጥለው በሚ፤ ድርደራውና ባሩ እንደገና ከአንድ መነሻ የሚገናኙት ከሦስት ባር ማለትም ከ48 ቦታ በኋላ ነው። ምንም ሳትጨምር፣ ይልቁንም አንድ ኖታ ቀንሰህ፣ ድርደራው በኪኩ ላይ መንሸራተት ጀመረ። በትራንስ ላይ የምትሰማው ፍሰት አብዛኛው ከዚህ የሦስትና የአራት ፍጥጫ የሚመጣ ነው። በችክችካ ያደገ ጆሮ ደግሞ ሦስት ሦስት እያሉ መቁጠር አያስቸግረውም።

ይህ መንሸራተት ግን ልጓም ይፈልጋል። ኮርዱ በየባሩ የሚቀየር ከሆነ አዲሱ ኮርድ በመሠረቱ ኖታ ሲጀምር ደስ ይላል። ስለዚህ 16ቱን ቦታ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት እና አራት አድርገህ ክፈለው። አራት ጊዜ ላ፣ ዶ፣ ሚ ካልክ በኋላ ከ13ኛው ቦታ ጀምረህ ላ፣ ዶ፣ ሚ እና ከፍ ያለውን ላ ተራ በተራ ታሰማለህ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባር እንደገና ከመሠረቱ ይነሣል። ይህንን በአርፔጂዬተሩ ቁልፎች ለማግኘት አትድከም። ፒያኖ ሮሉ ውስጥ ኮርድን ወደ ነጠላ ኖታዎች የሚቆራርጥ የራሱ መሣሪያ አለ፤ በእርሱ ቆርጠህ፣ የቀረውን በመዳፊት አስተካክለው። ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀሙ አንባቢዎችም አርፔጂዬተሩ የሚያወጣውን ወደ ትራክ ቀድተው፣ አርፔጂዬተሩን ዘግተው፣ በተቀዱት ኖታዎች ላይ መሥራት ይችላሉ። እኔ የምሠራው ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። አርፔጂዬተር ለፍለጋ ጥሩ ጓደኛ ነው፤ ያገኘኸውን መቅረጽ ግን በእጅ ይሻላል።

ቀጥሎ የምትሠራው ስረዛ ነው። ባሩን እንደተባለው ሞልተህ ስታበቃ 5ኛውን፣ 9ኛውን እና 12ኛውን ቦታ ባዶ አድርጋቸው። 5ኛውና 9ኛው ኪኩ የሚመታባቸው ስለሆኑ ኪኩ ብቻውን ይተነፍሳል፤ 12ኛው ደግሞ ከ13ኛው በፊት ትንሽ መንደርደሪያ ይሆናል። ደጋግመህ ስማው። ወዲያውኑ የሰው እጅ የነካው ይመስላል። ብዙ ወጣት አቀናባሪዎች ባዶ ቦታ ሲያዩ እንዳልተጨረሰ ሥራ ይቆጥሩታል፤ በድርደራ ላይ ግን ሦስቱ ባዶ ቦታዎች ከ13ቱ ኖታዎች ያላነሰ ሥራ ይሠራሉ፤ ይህንንም ወደ ዲሌዩ ስንደርስ በግልጽ ታየዋለህ።

ከዚያ በፊት ኃይሉን እናስተካክል። ላ የሚወድቅባቸውን 1ኛ፣ 4ኛ፣ 7ኛ፣ 10ኛ እና 13ኛ ቦታዎች ቬሎሲቲያቸውን፣ ማለትም የሚመቱበትን ኃይል፣ ወደ 110 አውጣቸው፤ ዶዎቹን ወደ 60፣ ሚዎቹን ወደ 80 ገደማ አውርዳቸው። ብዙዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ። ግን ቬሎሲቲ ብቻውን የድምፁን መጠን ነው የሚቀይረው፤ በእውነተኛ ክር ላይ ግን ጠበቅ ተደርጎ የተሳበ ክር ከመጮኹ በተጨማሪ ይደምቃል፣ ቀለሙ ይለወጣል። ስለዚህ የድምፁን ድምቀት የሚከፍተውና የሚዘጋው ፊልተርም አብሮ እንዲንቀሳቀስ አድርግ። በኤፍኤል ስቱዲዮ ፒያኖ ሮል ግርጌ ቬሎሲቲ የሚታይበት ቦታ ላይ ሞድ ኤክስ የሚባል አማራጭ አለ፤ ስሪ ኤክስ ኦስክን በመሳሰሉ የፕሮግራሙ የራሱ መሣሪያዎች ላይ የእያንዳንዱን ኖታ የፊልተር መክፈቻ ለየብቻ ይወስናል። ጠንካሮቹን ኖታዎች ከፈት፣ ደካሞቹን ዘጋ አድርጋቸው። በሌሎች ሲንተሳይዘሮች ላይ ቬሎሲቲን ከፊልተሩ ጋር የሚያገናኝ ቁልፍ ታገኛለህ። ለድርደራ ከዚህ የበለጠ የምወደው ነገር የለም። ይህ ግንኙነት የሌለውን ድምፅ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለድርደራ አልመርጠውም።

ስለ ርዝመቱ በአጭሩ። በ128 ምት አንድ ሩብ ኖታ 468.75 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ አንዱ ቦታ ደግሞ የዚህ ሩብ ነው፣ ወደ 117 ሚሊ ሰከንድ። ጌት የሚባለው ቁልፍ ኖታው ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉን እንደሚይዝ ይወስናል። 50 በመቶ ካደረግከው ኖታው 59 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይሰማና ይቆረጣል፤ ደረቅና ቆንጠጥ ያለ ይሆናል። 100 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል። ሁሉንም በአንድ ልክ አትቁረጣቸው፤ 13ኛውን ረዘም፣ ከባዶ ቦታ በፊት ያሉትን አጠር አድርጋቸው።

ድምፁን ራሱን ከባዶ ለመሥራት ከፈለግክ የላክልኝ ሲንተሳይዘር ከበቂ በላይ ነው። የመጋዝ ጥርስ ቅርጽ ያላቸውን ሁለት ሞገዶች ውሰድ፣ አንዱን ከሌላው በጥቂት ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) አዛባው። ከፍተኛውን ድምፅ የሚያስቀር ፊልተር አስገባና መክፈቻውን ወደ 500 ኸርዝ ዝቅ አድርግ። ከዚያ ፊልተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ኤንቨሎፕ አነሣሡን ዜሮ፣ መውረጃውን ወደ 250 ሚሊ ሰከንድ፣ ሰስቴይኑንም፣ ኖታው ተይዞ ሳለ የሚቆይበትን ደረጃ፣ ዜሮ አድርገው። ኖታው ሲመታ ፊልተሩ ብልጭ ብሎ ይከፈትና ይወርዳል፤ ክራር ላይ በጥፍር ተቆንጥሮ የተለቀቀ ክር እንደሚያደርገው ነው። መውረጃው 250፣ የቦታው ርዝመት ደግሞ 117 ስለሆነ ጅራቱ ከሚቀጥለው ኖታ ጋር ይደራረባል። ይህ መደራረብ እንዲሰማ ሲንተሳይዘሩ ከአንድ በላይ ኖታ በአንድ ጊዜ እንዲያሰማ ፍቀድለት፤ ሞኖ ላይ ከሆነ አዲሱ ኖታ የቀደመውን ይቆርጠዋል። የኖታዎቹንም ማለቂያ፣ ሪሊዝ የሚባለውን፣ ትንሽ ከፍ ማድረግ አትርሳ፤ አለበለዚያ አጭር ጌት ጅራቱን ይበላዋል።

ወደ ዲሌዩ መጣን። እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስህ። እ.ኤ.አ. በ1977 የሙዚቃ አዘጋጆቹ ጆርጂዮ ሞሮደር እና ፒት ቤሎት ሙኒክ ውስጥ ለዘፋኟ ዶና ሰመር «አይ ፊል ላቭ» የተባለውን ሥራ ሲያዘጋጁ የባሱን ተደጋጋሚ መስመር የሚጫወትላቸው ትልቅ ሞግ ሞዱላር ሲንተሳይዘር፣ ኖታዎቹን በተራ ከሚያጫውተው ሲኩዌንሰር ጋር፣ ነበራቸው። መሣሪያው ቶሎ ቶሎ ከድምፅ ልኩ እየወጣ ስላስቸገራቸው በአጫጭር ቁራጭ ይቀዱት ነበር። ሮቢ ቬደል የተባለው ባለሙያ ማሽኑን በቴፕ ላይ ከተቀዳ ምት ጋር አስተሳሰረላቸው፤ የኪኩን ድምፅ ደግሞ ከበሮ ተጫዋቹ ኪት ፎርሲ ራሱ መታው። የባሱ መስመር በጣም ቀላል ነው። ታላቅ ያደረገው ዋናውን ድምፅ በግራ፣ በዲሌይ የዘገየውን ቅጂ በቀኝ ማስቀመጣቸው ነው። የዘገየው ቅጂ በኖታዎቹ መካከል ባለው ክፍተት እየገባ መስመሩ እጥፍ የፈጠነ ያስመስለዋል፤ ድምፁም ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ይወዛወዛል። በጆሮ ማዳመጫ አንዱን ጆሮ ከፍተህ አንዱን ዘግተህ ስማው፤ ከየትኛውም ትምህርት ይበልጥ ያስረዳሃል። ዲሌዩ እዚያ የሠራው በኖታዎቹ መካከል ቦታ ስለነበረለት ነው። አንተ ግን 16ቱንም ቦታ ሞልተህ ዲሌይ ጨመርክ፤ ማሚቶው የሚያርፍበት ቦታ ስላጣ በኖታዎቹ ላይ ተከመረ። መደበላለቁ ከዚህ መጣ።

በዳንስ ሙዚቃ ድርደራ ላይ በብዛት የሚሠራበት ዲሌይ የሦስት ቦታ ርዝመት ያለው ነው፤ በፕሮግራሞቹ ላይ ነጥብ ያለው ስምንተኛ ኖታ ተብሎ ይገኛል። በ128 ምት 351.6 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። በሌላ ፍጥነት ስትሠራ 60,000ን ለፍጥነቱ አካፍልና በ0.75 አባዛው፤ በ138 ምት ለምሳሌ 326 ይመጣል። አሁን አስተውል። ድርደራህ በሦስት ኖታ የሚዞር ከሆነና ዲሌዩም ሦስት ቦታ ከሆነ፣ የእያንዳንዱ ኖታ ማሚቶ የሚያርፈው በራሱ በኖታው ላይ ነው፦ ላ በላ ላይ፣ ዶ በዶ ላይ። አዲስ ነገር አይሰማም፤ ድምፁ ይወፍራል እንጂ። ድርደራህ በአራት ኖታ የሚዞር ከሆነ ግን ማሚቶው በሌላ ኖታ ላይ ያርፍና ሁለት ድምፅ ያለው አዲስ ስምምነት ይፈጠራል። ስለዚህ በአራት የሚዞር ድርደራ በኪኩ ላይ ቢሰለችም በዲሌዩ ውስጥ ይበለጽጋል፤ በሦስት የሚዞረው ደግሞ በኪኩ ላይ ሲያምር ዲሌዩ ውስጥ ይደበቃል። የትኛው እንደሚሻል በዘፈኑ ይወሰናል፤ ምርጫው እንዳለ ማወቅህ ግን ብዙ ሰዓት ያተርፍልሃል።

አሁን ወደ ሦስቱ ባዶ ቦታዎች ተመለስ። 5ኛው ባዶ ነው፤ የ2ኛው ዶ ማሚቶ እዚያ ላይ ይወድቃል። 9ኛው ባዶ ነው፤ የ6ኛው ሚ ማሚቶ ይወድቅበታል። 12ኛው ላይ ግን ማሚቶ ሊልክለት የሚገባው 9ኛው ነበር፤ እርሱም ተሰርዟል። ስለዚህ በ12ኛው ቦታ የምትሰማው የ6ኛውን ሚ ሁለተኛ ማሚቶ ነው፣ ከመጀመሪያው የደበዘዘውን። በአንድ ባር ውስጥ በእጅ የተመታ ሚ፣ መልሱ፣ የመልሱም መልስ ተራ በተራ ይሰማሉ። የድግግሞሹን መጠን ከ35 በመቶ አታሳልፈው፤ የዲሌዩን ዝቅተኛ ድምፅ ከ300 ኸርዝ በታች ቁረጠው፣ ላዩንም ትንሽ አደብዝዘው። ማሚቶ ከዋናው ድምፅ እኩል ከደመቀ ሁለቱ ይጣላሉ።

ባዶ ቦታን በድርደራ ውስጥ ማስገባት አዲስ ግኝት አይደለም። ሮላንድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ጁፒተር 4 እና በ1982 ባወጣው ጁኖ 60 ሲንተሳይዘሮች ላይ አርፔጂዬተር ነበር፤ ጁኖው ያለው ምርጫ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ስፋቱም ከአንድ እስከ ሦስት ኦክታቭ ብቻ ነው። ግን ከኋላው ከከበሮ ማሽን የሚመጣ ምት የሚቀበል ቀዳዳ ነበረው፤ ምት በመጣ ቁጥር አንድ ኖታ ይራመዳል፣ ካልመጣ ይቆማል። የዚያ ዘመን ሙዚቀኞች የከበሮ ማሽኑን ምት አዛብተው ሲልኩለት ድርደራው ባዶ ቦታ እየዘለለ ይሄድ ነበር። አንተ በመዳፊት የምትሰርዘው እነርሱ በገመድ የሠሩትን ነው።

ትዝታውን በተመለከተ ያለህ ችግር ከሌሎቹ የተለየ ነው። በዶ የተነሣ ሜጀር ትዝታ አምስት ኖታ አለው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ እና ሲ የሉበትም። አንተ የያዝካቸውን አራት ኮርዶች ደግሞ ፈትሻቸው። ላ ማይነር ላ፣ ዶ፣ ሚ ነው፤ ከትዝታው አይወጣም። ዶ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ሶል ነው፤ እርሱም አይወጣም። ፋ ሜጀር ግን ፋን ይዞ ይመጣል፣ ሶል ሜጀርም ሲን። ድርደራ ደግሞ ኮርድ ውስጥ ተደብቆ ሊያልፍ የሚችለውን ኖታ ነጥሎ፣ ከፍ አድርጎ፣ በየባሩ ደጋግሞ ያሰማል። ዘፋኙ በትዝታ ሲያዜም ከኋላው ፋ እና ሲ አራት አምስት ጊዜ እየጠሩ ሲሄዱ ቅኝቱ ይፈርሳል። የሰማኸው አለመዋሃድ ይህ ነው፤ ጆሮህ ልክ ነበር።

በእነዚህ አምስት ኖታዎች ከተለመደው ባለሦስት ኖታ ኮርድ ሁለት ብቻ ነው የሚሠራው፤ አሁን የጠራኋቸው ሁለቱ። ስለዚህ በኮርድ ማሰብህን ለጊዜው ተወውና ከቅኝቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ኖታ እየመረጥክ ደርድር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሶል፤ ቀጥሎ ሬ፣ ሶል፣ ላ፤ ቀጥሎ ላ፣ ዶ፣ ሚ። በምዕራባውያን አጠራር ሁሉም ስም ያለው ኮርድ ላይሆን ይችላል፤ ለጆሮ ግን ትዝታ ነው። የስሜት ለውጡን ከባሱ አምጣው። ድርደራው በአምስቱ ኖታዎች ላይ ሳይነቃነቅ ይቀጥል፣ ባሱ ግን ከላ ወደ ዶ፣ ከዶ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ሬ ይሂድ። ተመሳሳዩ ድርደራ በእያንዳንዱ ባስ ላይ ሌላ ፊት ያሳይሃል። ክራር ተጫዋች ክሮቹን ለቅኝቱ አስተካክሎ አንዴ ከቃኘ በኋላ ከቅኝቱ ውጪ የሆነ ክር በእጁ አይገባም፤ አንተም ፒያኖ ሮልህን እንደዚያው ቃኘው።

አምስቱንም ኖታ በተራ ልትደረድራቸው ትችላለህ፤ እኔ በጣም የምወደው ይህንን ነው። ችግሩ አምስት ለ16 አለመካፈሉ ነው። እንዲሁ ከለቀቅከው ከባሩ ጋር እንደገና ለመግጠም 80 ቦታ፣ ማለትም አምስት ባር ይፈጅበታል፤ የዳንስ ሙዚቃ ግን በአራት፣ በስምንት፣ በ16 ባር ነው የሚታነጸው። ስለዚህ አምስት፣ አምስት እና ስድስት አድርገው። ለምሳሌ ዶ፣ ሶል፣ ላ፣ ሚ፣ ሬ ብለህ ሁለት ጊዜ ዙር፤ በሦስተኛው ዙር መጨረሻ ላይ ከፍ ያለውን ዶ ጨምር። ቅደም ተከተሉን ከታች ወደ ላይ እንዳታደርገው አደራ፤ ከታች ወደ ላይ የተደረደረ ቅኝት የትምህርት ቤት መልመጃ ነው የሚመስለው። ማይነር ትዝታ ከፈለግክ ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ አውርዳቸው። ዘፋኝ ወይም መሰንቆ በላዩ ላይ የምትቀዳ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል፦ በመሰንቆና በክራር የሚሰማው ቅኝት ከፒያኖው እኩል ክፍፍል ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። መጀመሪያ ሰውየውን ቅዳ፣ ከዚያ የድርደራህን ኖታዎች በጥቂት ሴንት እየነካካህ ወደ እርሱ አምጣቸው። ሰውን ወደ ማሽን ከማስተካከል ማሽኑን ወደ ሰው ማስተካከል ይቀልላል፣ ያምራልም።

ከኪክና ከባስ ጋር ያለውን ግንኙነት በፍጥነት ልለፈው። ድርደራው ላይ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጥ፤ ያ ቦታ የባሱ ነው። ሳይድቼይን አድርገህ ኪኩ ሲመታ ድርደራው ዝቅ እንዲል ካደረግክ የመመለሻውን ጊዜ ወደ 120 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ አድርገው፤ የአንድ ቦታ ርዝመት ስለሆነ ከኪኩ ጋር የወደቀችው ኖታ ብቻ ትጎነበሳለች፣ ቀጣይዋ ቀና ብላ ትመጣለች። 300 ካደረግከው ግን የለፋህበት የቬሎሲቲ ልዩነት ሁሉ ይዋጣል።

ፍሰቱ በረጅሙ የሚገነባው በፊልተሩ ነው። በ128 ምት 32 ባር በትክክል አንድ ደቂቃ ነው። በዚህ አንድ ደቂቃ ውስጥ መክፈቻውን ከ300 ኸርዝ ጀምረህ ቀስ በቀስ ወደ 6,000 አውጣው። መስመሩን ቀጥ አድርገህ አትሳበው፤ ለመጀመሪያዎቹ 16 ባሮች እምብዛም አይንቀሳቀስ፣ በመጨረሻዎቹ ስምንት ባሮች ግን ይፍጠን። ከፍ ያለውን ኦክታቭ ከመጀመሪያው አታስገባው፤ ለመጨረሻዎቹ ስምንት ባሮች አስቀምጠው። ኪኩ በሚቆምበት ክፍል ላይ ጌቱን አርዝምና የአዳራሽ ማስተጋባት የሚሰጠውን ሪቨርብ ጨምር፤ ኪኩ ሲመለስ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቆርጣቸው። በአዳራሽ ውስጥ ሰዉን የሚያስነሣው ያ ድንገተኛ መድረቅ ነው።

በመጨረሻ ያየሁብህ ነገር ስፋቱ ነው። ድርደራህን ለማስፋት የቀኙን ወገን በጥቂት ሚሊ ሰከንድ አዘግይተኸዋል። በጆሮ ማዳመጫ ግሩም ነው። እኔም ከዓመታት በፊት ይህንኑ አድርጌ፣ ቀኙን በ12 ሚሊ ሰከንድ አዘግይቼ፣ ለአንድ ዝግጅት ያዘጋጀሁትን ሥራ ይዤ ሄድኩ። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ግራና ቀኙን ደምሮ በአንድ መስመር የሚያወጣ ነበር። ያ ሁሉ የተለፋበት ድርደራ ባዶ በርሜል ውስጥ የሚጮህ መሰለ፤ ሁለቱ ቅጂዎች ሲደመሩ የድምፁን አካል እየተጣፉ በሉት። እዚያ ቆሜ እየሰማሁ ምንም ላደርግ አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስፋትን ከዲሌዩ ነው የማመጣው፤ ዋናው ድርደራ መሐል ላይ ይቆማል፣ ማሚቶዎቹ ግራና ቀኝ ይመላለሳሉ። ግራና ቀኙ ቢደመሩ እንኳ የሚሳሱት ማሚቶዎቹ ናቸው፤ ዋናው ድምፅ በቦታው ይቆያል። ሥራህን ከማውጣትህ በፊት ማስተሩን፣ የሁሉንም ትራክ ድምር፣ ግራና ቀኙን ደምረህ በአንድ መስመር (ሞኖ) አድርገህ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ስማው።

እነዚህን አስተካክለህ ስትጨርስ ኪኩንና ዜማውን አጥፍተህ ድርደራውንና ባሱን ብቻ፣ ያንኑ ስምንት ባር፣ ቅዳና ላክልኝ። መጀመሪያ የማዳምጠው 12ኛውን ቦታ ነው።